እናቴን ወክ የማስደርግበት ቀላል የገጠር መንገድ (መኪና የለኝም)

የሬዲንጓ
እሁድ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ከአዲስ አበባ እዚህ እንግሊዝ ከመጣች ስድስት ሳምንቷ ነው። ቤተ መንግሥቱንም፣ ድልድዩንም አይታለች። ሱቅ ለሱቅም አዙሬያታለሁ። ባለፈው ሻይ እየጠጣን ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ልጄ፣ እዚህ አገር የሚያርስ ሰው የለም እንዴ? ማሳ ሳላይ ልመለስ ነው?»

የመንዝ ልጅ ናት። አዲስ አበባ 40 ዓመት ኖራም አፏ ላይ ያለው በግና ገብስ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ገጠር ላውጣት ብያለሁ።

ችግሩ ግራ ጉልበቷን ያማታል፣ 71 ዓመቷ ነው። ዳገት አይሆንም። መኪና የለኝም። ቀስ እያሉ ሁለት ሰዓት ያህል የሚሄዱበት፣ ቁጭ የሚባልበት፣ ሽንት ቤት ያለው ቦታ ብትጠቁሙኝ።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ፣ አትሳቁብኝ። ካርታ ላይ ሳይ የእግር መንገዱ በሰው ማሳ መሃል ነው የሚያልፈው። ዝም ብሎ ይገባል? አንዴ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሄጄ እነሱ ሲገቡ ተከትዬ ገባሁ። እኔና እማዬ ብቻችንን ሆነን፣ እሷ ነጠላዋን ለብሳ፣ የሰው እርሻ መሃል ስንጓዝ ግን… ይገባችኋል።

ሾፌሩ
እሁድ ማታ

ሪችመንድ ፓርክ፣ ለንደን። አጋዘን አለ፣ ካፌ አለ፣ ሜዳ ነው። አለቀ።

የሬዲንጓ
እሁድ ማታ

ወንድሜ፣ ፓርክ ወስጃት ነበር። «ይሄ ግቢ ነው» አለችኝ።

ጭቃ ለባሽ
እሁድ እኩለ ሌሊት

«ይሄ ግቢ ነው» 😂 እናትሽን ወደድኳቸው።

እንግዲህ ስሚኝ። ላንቺ የሚሆነው ኮትስዎልድስ የሚባለው ገጠር ነው፣ ከዚያም ውስጥ ቦርተን ኦን ዘ ዋተር የምትባለው መንደር። ሰው «ቱሪስት ሞልቶታል» ይልሻል፣ እውነቱን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቦርተን ማለት የበዓል ዋዜማ መርካቶ ነው። ግን ቱሪስቱ የሚቆመው ድልድዮቹ ጋ ነው። አይስክሬሙን ይበላል፣ ፎቶውን ይነሳል፣ አውቶቡሱ ውስጥ ይገባል። አሥር ደቂቃ ከተራመድሽ ጭር ይላል።

መንገዱ ይሄ ነው። ከቦርተን ወደ ሎወር ስሎተር። ከ1 ማይል ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዋርደንስ ዌይ የሚባለው ረጅም የእግር መንገድ ቁራጭ ስለሆነ ምልክት አለው። ዳገት የለውም፣ አብዛኛው ጠንካራ መሬት ነው። አስቸጋሪው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከመንደሩ ስትወጪ አውራ ጎዳናውን ታቋርጫለሽ። ሮማውያን የቀየሱት ፎስ ዌይ የሚባለው መንገድ ነው፣ ዛሬ መኪና ይበርበታል። እዚያ ላይ እናትሽን ያዣቸው።

ሎወር ስሎተር ስትደርሱ ወንዙ መሃል መንደሩን ሰንጥቆ ያልፋል። አይ ይባላል፣ ከጉልበት አይደርስም። መጨረሻው ላይ የድሮ የውሃ ወፍጮ አለ። መንደሩ በሙሉ ማር የመሰለ ድንጋይ ሆኖ ወፍጮው ብቻ የቀይ ጡብ ጭስ ማውጫ አለው። ከሩቅ ይታያል።

እዚያ ላይ እግራቸውን ጠይቂያቸው። ጉልበታቸው እሺ ካለ ወደ አፐር ስሎተር ቀጥሉ፣ ሌላ 1 ማይል ገደማ ነው። ይሄኛው ሣር ሜዳ ነው፣ በግ አለበት፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። እምቢ ካለ ተመልሳችሁ ሻይ ጠጡ።

ማክሰኞ ሂዱ። ረቡዕ ጾም ነው፤ እዚያ አገር ደግሞ ከድንች ጥብስ በቀር ቅቤ ያልነካው ነገር ማግኘት ፈተና ነው። ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ከሆነ ሕዝቡም ይቀንሳል። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ባቡር ያዙ።

የሬዲንጓ
ሰኞ ጠዋት

እግዚአብሔር ይስጥህ! 3 ሰዓት ተኩል በሀበሻ ነው በፈረንጅ?

ጭቃ ለባሽ
ሰኞ ጠዋት

በሀበሻ እንጂ! በፈረንጅ ከሆነማ በጨለማ ነው የምትመለሱት።

ሾፌሩ
ሰኞ ጠዋት

ቆይ ቆይ። ስሎተር ማለት እርድ አይደለም እንዴ? ታች እርድና ላይ እርድ? ለበዓል በግ ፍለጋ ነው የምትሄዱት?

ካርታ ወዳዱ
ሰኞ ምሳ ሰዓት

ሾፌሩ፣ ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚለው። ከእርድ ጋር አይገናኝም። ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ጭቃማ፣ ረግረጋማ ቦታ ማለት ነው። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት እንደምንለው ላይ ጭቃና ታች ጭቃ በለው።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ ልምጣ። የሰው ማሳ ውስጥ መግባት ላልሽው፣ በልመና አይደለም የምትገቢው፣ በመብት ነው።

የእንግሊዝና የዌልስ የሕዝብ የእግርና የፈረስ መንገዶች አንድ ላይ ቢቀጠሉ ወደ 140 ሺህ ማይል ይሆናሉ። ብዙዎቹ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ገበያ ሲሄድ በእግሩ የቀደዳቸው ናቸው። ማሳው የባለቤቱ ነው፣ መንገዱ ላይ መሄድ ግን የሁሉም ነው። ገበሬው ማሳውን ቢያርሰው እንኳ መልሶ መንገዱን የማውጣት ግዴታ አለበት። መሃል ለመሃል የሚያቋርጥ ከሆነ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ሊተው ይገባል። በቆሎ መሃል እንደ ፀጉር ስንጥቅ ቀጥ ያለ መንገድ ታያለሽ፣ እሱ ነው።

ይሄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ1932 እ.ኤ.አ. ከማንቸስተር አካባቢ የመጡ ወጣት ሠራተኞች ኪንደር ስካውት የሚባለውን ተራራ በሰልፍ ወጡ። ተራራው የባላባቶች ማደኛ ነበር፣ ዘበኛ ይጠብቀው ነበር። ከዘበኞቹ ጋር ተጋፉ፣ አምስት ልጆች ታሰሩ። በ1949 ሕግ ወጣና የየአውራጃው ምክር ቤት የሕዝብ መንገዶቹን በካርታ እንዲመዘግብ ተደረገ። ዛሬ የምትሄጂበት በዚያ ካርታ ነው።

ምልክቱ ቀላል ነው። ቢጫ ቀስት ከሆነ ለእግረኛ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ፈረስና ብስክሌትም ያልፋሉ። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታ ላይ በአረንጓዴ ቁርጥራጭ መስመር ታገኚዋለሽ። ለቦርተን ኦኤል 45 የሚባለው ነው። 4 ሳንቲ ሜትሩ 1 ኪሎ ሜትር ነው፣ የያንዳንዱ ማሳ አጥር ሳይቀር ይታያል። ስልክሽ ላይ አትተማመኚ፣ ኔትወርኩ ይጠፋል።

የሉተኑ
ሰኞ ማታ

ካርታ ወዳዱ ያልከው በወረቀት ልክ ነው። በተግባር ግን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ገጠር ሄድን፣ የት እንደሆነ ይቅር። ቢጫ ቀስት አይተን ነው የገባነው። ሰውዬው ከቤቱ ወጥቶ «ጠፍታችኋል?» አለን። «አልጠፋንም» አልነው። «ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለ። ከኛ አሥር እርምጃ ቀድመው ባልና ሚስት ፈረንጆች ከውሻቸው ጋር አልፈዋል፣ እነሱን እጁን አውለብልቦ ነው የሸኛቸው።

ሕግ አለኝ ብዬ ልከራከር እችል ነበር። ግን ቀኔ ተበላሸ። ስለዚህ እህቴ፣ ስሜትሽ ከመሬት የመጣ አይደለም፣ «መብትሽ ነው» ብቻ ብለው አያልፉት።

ካርታ ወዳዱ
ሰኞ ማታ

ልክ ነህ፣ አላልፈውም። እኔም አንዴ ደርሶብኛል። አሁን ካርታውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የምሄደው። ካርታ የያዘ ሰው «ጠፍተሃል?» አይባልም። የሚያስቅ ነው፣ ግን ይሠራል።

የቼልተንሃሟ ነርስ
ሰኞ ማታ

እኔ እዚህ ስኖር 11 ዓመቴ ነው። የሉተኑ ያለው ያጋጥማል፣ የስሎተሮቹ መንገድ ላይ ግን አትስጊ። ከየአገሩ ሰው ስለሚመጣ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም። እንዲያውም ሰላምታው ይሰለችሻል። የሚያልፈው ሁሉ ስለ አየሩ አንድ ነገር ሳይል አያልፍም። «ደስ የሚል ቀን ነው» ሲሉሽ «አዎ፣ እንዲያው ዝናቡን ይያዝልን» ካልሽ የአገሩ ሰው ሆንሽ ማለት ነው።

ስለ መጓጓዣው። ከሬዲንግ ሞርተን ኢን ማርሽ ቀጥታ ባቡር አለልሽ፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቦርተንም ድሮ ጣቢያ ነበራት፣ በ1962 ተዘጋ። ስለዚህ ከሞርተን 801 ቁጥር አውቶቡስ ይዘሽ በስቶው በኩል ነው የምትወርጂው። አብዛኞቹ አውቶቡሶች የአንድ ጉዞ ዋጋ ከ3 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተደርጓል። የመመለሻውን ሰዓት ግን ከመሄድሽ በፊት ፎቶ አንሽው። ለንደን አይደለም፣ አንዱ ካመለጠሽ ቀጣዩን ቁጭ ብለሽ ነው የምትጠብቂው። ለባቡሩ ሁለት ሰው አብሮ ሲሄድ ሲሶ የሚቀንስ ካርድ አለ፣ ጠይቂ።

ሽንት ቤት ቦርተን ላይ ጨርሳችሁ ውጡ። ከዚያ ወዲያ አትተማመኑ።

ለጉልበታቸው ደግሞ ባለሁለት የመራመጃ ዱላ ግዢላቸው። አንድ ሳይሆን ሁለት። ሲወርዱ ነው የሚጎዳው፣ ሲወጡ አይደለም። በሮቹም እንዳያስቸግሩሽ፤ ብዙዎቹ ግማሽ ክብ አጥር ውስጥ የሚወዛወዙ ናቸው። አንድ ሰው ይገባል፣ በሩን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ይወጣል። ላም ማለፍ አትችልም። ሻንጣ ይዘሽ ከሆነ ግን አንቺም አታልፊም።

ሚጢጢ
ሰኞ ማታ

ስለ ላም ካነሳችሁ፣ ላም ካለበት ማሳ ተጠንቀቁ! ጥጃ ያላት ላም አትጫወትም። በላሟና በጥጃዋ መሃል እንዳትገቡ፣ ዳር ዳሩን ሂዱ፣ እንዳትሮጡ። ውሻ ከያዛችሁና ከመጣችባችሁ ውሻውን ልቀቁት፣ እሱ ራሱን ያድናል።

ጭቃ ለባሽ
ሰኞ ማታ

የመንዝን ሰው ስለ ላም ልትመክሪ ነው?

ሚጢጢ
ሰኞ ማታ

ልጅቷን ነው የምመክረው 😄

አባ ድጓ
ማክሰኞ ጠዋት

ልጆች፣ በዚያው ባዝ የምትባለውን ከተማም አሳዪያቸው ብዬ ልጨምር። ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የኖሩበት ፌርፊልድ ቤት እዚያ ነው ያለው። ኋላ በ1958 ቤቱን ለከተማው በስጦታ ሰጥተውታል። ከኮትስዎልድስ ደቡብ ጫፍ ላይ ናት ባዝ።

የሬዲንጓ
ማክሰኞ ጠዋት

አባቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለብቻው ቀን እሰጠዋለሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን ካደረግኩት ጉልበቷ ይቅርና የኔም አይችልም።

የሬዲንጓ
(ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ)

ተመለስን! ሪፖርቴን ልጻፍ። ረጅም ነው፣ ቡና አፍሉ።

ትናንት ሄድን። ጠዋት ስንነሳ ያካፋል። እኔ ልሰርዘው ነበር። እማዬ «ዛሬ እኮ ሩፋኤል ነው፣ ጳጉሜን 3። ሊዘንብ ግድ ነው» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆመች። ዱላዎቹን ሳሳያት ግን ተቆጣች። «ሁለት ዱላ? አራት እግር ልታደርጊኝ ነው?» አንዱን ብቻ ያዘች። ሌላውን ቀኑን ሙሉ እኔ ተሸከምኩት።

ቦርተን ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ድልድዮቹን አየች፣ ወደደቻቸው፣ ግን አላቆሟትም። የቆመችው አውራ ጎዳናውን ተሻግረን ወደ ማሳው ስንገባ ነው። የድንጋይ አጥር አየች። «ካብ!» አለች ጮክ ብላ። ሁለት ሰዎች ዞረው አዩን። እጇን ሰድዳ በድንጋዮቹ መሃል አስገባች። ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፣ እንዲሁ የተደረደረ ነው። ከላይ ድንጋዮቹ በጠርዛቸው እንደ መጽሐፍ ቆመዋል። «ይሄ የሰው እጅ ያውቃል» አለች። ከዚያ ወዲያ እንግሊዞቹን በሌላ ዓይን ነው ያየቻቸው። እስከ ትናንት ማሽን ብቻ የሚያውቁ ይመስሏት ነበር መሰለኝ።

የተቸገርኩበትን ጥያቄ እሷ ራሷ ጠየቀችኝ። ቢጫ ቀስቱ ጋ ስንደርስ «ባለቤቱ ተጠይቋል?» አለች። ካርታ ወዳዱ ያልከውን ሁሉ ነገርኳት፣ ተራራውን፣ የታሰሩትን ልጆች፣ ካርታውን። ዝም ብላ ሰማችኝና «እና ይሄን ለማወቅ እስር ቤት መግባት ነበረባቸው? እኛስ አገር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ መንገድ ማን ይዘጋል?» ብላ አልፋኝ ገባች። እኔ ነኝ ኋላ የቀረሁት።

ሎወር ስሎተር ወፍጮው ጋ ቁጭ አልን። መዘውሩን አሳየኋት። ዳቦ ቆሎ ከቦርሳዋ አውጥታ በላን። ከዚያ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። «ምን ልታደርጊ ነው?» ስላት «ሩፋኤል ነው አልኩሽ እኮ» አለችና እግሯን ወንዙ ውስጥ ነከረች። ውሃው እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አትጠይቁኝ። ውሻ የያዙ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ቆመው አይተው «ለጉልበት ጥሩ ነው» አሏት። ተርጉሜ ነገርኳት። «አወቀች» አለች።

ወደ አፐር ስሎተር እንቀጥል ስላት አንድ ደቂቃ አላሰበችም። ሚጢጢ፣ ላሞች ነበሩ! አምስት ጊደሮች በሩ ላይ ቆመው አላሳልፍ አሉን። ዳር ዳሩን እንሂድ እያልኩ ስለማመጥ እማዬ ዱላዋን ከፍ አድርጋ «ሃ!» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ። በአማርኛ ገባቸው፣ ለቀቁ።

ሳማ ግን በልቶኛል። የአጥሩ ሥር ሞልቶታል፣ የኛኑ ሳማ ይመስላል። እንጆሪ ልለቅም እጄን ሰድጄ ነው። እማዬ ዞር ዞር ብላ ቱልት የሚመስል ሰፊ ቅጠል በጥሳ አሸችልኝ። ማታ ለሥራ ባልደረባዬ ስነግራት «እኛም ልጅ ሆነን እሱን ነው የምንቀባው» አለችኝ።

አፐር ስሎተር ትንሽ ናት። ሱቅ የለም፣ ምንም የለም። አደባባይዋ ላይ ያሉትን ቤቶች በ1906 ያደሳቸው ሉትየንስ የሚባለው አርክቴክት ነው። ለንደን ኋይትሆል ላይ የቆመውን የጦርነት ሙታን መታሰቢያ የሠራው እሱ ነው። የሚገርመው፣ እዚህ አገር እያንዳንዱ መንደር መሃል ስም የተቀረጸበት ሐውልት አለ አይደል? አፐር ስሎተር ላይ ለሞተ ሰው የቆመ የለም። በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የሄዱት ሁሉ በሕይወት ተመለሱ። ይሄን ስነግራት እማዬ ቆማ አማተበች። «ሁሉም?» አለችኝ። «ሁሉም።» ከዚያ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ሁለት ወንድሞቿን ጦርነት ነው የወሰዳቸው። እኔም ዝም አልኩ።

የመመለሻውን አውቶቡስ ሊሄድ አራት ደቂቃ ሲቀረው ነው የደረስንበት። ነርሷ፣ ፎቶ አንሽው ያልሽኝ አዳነኝ።

ጉልበቷ? ዛሬ ጠዋት ከኔ ቀድማ ተነስታለች።

የሉተኑ
ረቡዕ ማታ

ማንም ምንም አላላችሁም?

የሬዲንጓ
ረቡዕ ማታ

ማንም። አንድ ሰውዬ ብቻ ትራክተር ላይ ሆኖ አቆመና አየን። ልቤ ድው አለ። እማዬ ቀድማ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው። ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ! እውነቴን ነው፣ አወለቀ። ምን ለማለት ቆሞ እንደነበር እግዜር ይወቅ።

ሾፌሩ
ረቡዕ ማታ

እኔ አሁንም ሪችመንድ ፓርክ ነው የምለው 😂 ግን አንድ ጥያቄ፣ በጎቹንስ ወደደቻቸው? የመንዝ ሰው የበግ ዳኛ ነው።

የሬዲንጓ
ረቡዕ ማታ

ኦ ረስቼው! በጎቹ ከሽቦው ጋር ሲታከኩ ጥለውት የሄዱት ፀጉር ነበር። እየሄደች ከየሽቦው ላይ ትለቅማለች። እኔ ጽዳት የምታደርግ መስሎኛል። አውቶቡሱ ውስጥ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አወጣችው፣ ሁለት እፍኝ ይሆናል። በጣቶቿ ሳብ ሳብ እያደረገች ታየዋለች። «ረጅም ነው። ለባና ይሆናል» አለች። ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ትፈትል ነበር፣ ይሄን እስከ ትናንት አላውቅም።

አሁን ሳሎን ቁጭ ብላለች። እንዝርት ስላጣች የኔን እርሳስ ድንች ላይ ሰክታ እያሾረች ነው። ክር ወጥቷል! ግን ለአንድ ካልሲ እንኳ አይበቃም ትላለች። ሌላ ማሳ ጠይቂልኝ ብላኛለች።

ጭቃ ለባሽ
ረቡዕ ማታ

ዊክ ሪሲንግተን። ከዚያው ከቦርተን በሌላኛው በኩል፣ በግሬይስቶንስ እርሻ ወጥተሽ ኦክስፎርድሺር ዌይን ትይዣለሽ። አቀናባሪው ጉስታቭ ሆልስት በ1892 ኦርጋን ይጫወትባት የነበረች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ እሷ ጋ ታርፋላችሁ። በግ አለ። ጭቃም አለ። ቡትስ ግዢላቸው፣ ነጠላ ጫማ አያስኬድም።